የአረንጓዴዋ ነጥብ ሙግት

ስሙኝማ! ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ሌሊት ጀምሮ ረፋድ ድረስ በማያባራበት፣ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ጉም ከተማውን አልብሶት በሚውልበት ወር። የሰዎቹን ስም አልጠራም። ታሪኩም ከአንድ ቤት ብቻ የወጣ አይደለም፤ በማርቆስም በደጀንም በሉማሜም ከገዢውና ከነጋዴው አፍ የሚሰማውን ሰብስቤ ለአንድ አባት፣ ለአንዲት ልጅና ለአንድ ባለሱቅ ሰጥቼ ነው የምተርክላችሁ። ሕጉና የዘመኑ ነገር ግን እንዳለ ነው፤ ከራሴ የጨመርኩበት የለም።

አባትዮው የጉዛምን ገበሬ ናቸው። ሴት ልጃቸው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ ታጠናለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የጓደኞቿን ላፕቶፕ እየተዋሰች፣ የጓደኛዋ ፈተና ሲደርስ መልሳ እየሰጠች፣ ሌሊት ሌሊት ሌላው ሲተኛ እየሠራች ተማረች። ሦስተኛው ዓመት ላይ ግን የፕሮግራሚንግ ሥራው በዛ፤ በውሰት የሚገፋ አልሆነም። አባት ይህን ሲሰሙ ለመስቀል ያደለቡትን ሰንጋ መስቀልን ሳይጠብቁ ሸጡ። አልሞላም። ነጭ ጤፍ ጨመሩበት። የጓሮ ባሕር ዛፍም ለነጋዴ ቆርጠው ሰጡ።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ። በዚያች ማሽን ውስጥ የአንድ በሬ ዕድሜ፣ የአንድ ማሳ መከርና የዓመታት ዛፍ አለ። ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሰው «ትንሽ ጉድለት ናት፣ ምን አላት» ሲል ለማን ትንሽ እንደሆነች ጠይቁልኝ።

ሐምሌ 6 ቀን፣ ቅዳሜ፣ አባትና ልጅ አንድ ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ ጎልማሳ ነው፤ ዕቃውን የሚያመጣው ከመርካቶ አስመጪዎች ነው።

«እንዴት ሰነበታችሁ ባያሌው፤ ግቡ አባባ፣ ከዝናቡ ግቡ።»

ልጅቱ የምትፈልገውን ታውቃለች። ዋጋ ተጠየቀ፣ ተከራከሩ፣ ስልሳ ሺህ ብር ላይ ቆሙ። ባለሱቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ስልሳ ሺህ፤ በደረሰኝ ከሆነ ግን ታክሱ ይታሰባል፣ ስልሳ ዘጠኝ ሺህ ይገባል» አለ።

ይህችን ጥያቄ የማያውቅ አገር የለም፤ ከመርካቶ እስከ ባሕር ዳር፣ ከፒያሳ እስከ ቡሬ ትጠየቃለች። ተጨማሪ እሴት ታክሱ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ 15 በመቶ ነው። የስልሳ ሺህ ብር 15 በመቶ ዘጠኝ ሺህ ብር። ለገበሬ ዘጠኝ ሺህ ብር ምን እንደሆነ ልጅቱ ስለምታውቅ የአባቷን ጋቢ ጫፍ ያዝ አደረገች።

«አባየ፣ ዘጠኝ ሺህ ብር እኮ ነው። ይቅር ደረሰኙ።»

አባትዮው ግን የከብት ገበያ ሰው ናቸው። ከብት ተራ ውስጥ ከማያውቁት ሰው በሬ የሚገዛ ሰው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት «ዋስ ጥራ» ይላል። ዋሱ የሚቆመው ለሁለት ነገር ነው፤ በሬው የሌባ አለመሆኑን ይመሰክራል፣ ነገ ተነገ ወዲያ ነውር ቢገኝበት ሻጩን ከያለበት ፈልጎ ያቀርባል። ዋስ የሌለው በሬ ቢረክስም አይገዛም። አባትዮው ሱቁን ዙሪያውን ቃኙና ጠየቁ።

«ነገ ይህ ዕቃ ነውር ቢገኝበት ከአንተ መግዛቴን ማን ይመሰክርልኛል?»

«ደረሰኙ ነዋ አባባ።»

«እንኪያስ ዋሴ እሱ ነው። ቁረጥልኝ።»

ስልሳ ዘጠኝ ሺህ ብር ተቆጠረ። ከማሽኑ የወጣችውን ወረቀት አባት ተቀብለው፣ ማንበብ ባይሆንላቸውም ቀኗን ልጃቸውን አስነብበው፣ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው ያዟት። አሁን አንድ ነገር ቀረ። ካርቶኑ ይከፈትና ዕቃው ይታይ አሉ።

«አባባ፣ ካርቶኑ ከተከፈተ አዲስነቱ ይቀራል፤ ፋብሪካው እንዳሸገው ነው። ከላይ የለጠፍኩትንም አይታችኋል።»

ከበላዩ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጅቱ አፈረች፤ ያን ሁሉ ብር ከፍሎ እንዲከፈትላት መጠየቅ ነውር መሰላት። ካርቶኑ እንደታሸገ ወጣ። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ እቆጫለሁ። ያ ሐፍረት የእሷ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ጫማ ስንገዛ ለክተን፣ ማር ስንገዛ ቀምሰን፣ ላፕቶፕ ሲሆን ግን እንደ ታቦት ሳንነካ እንሸከመዋለን።

ማታ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ በተከራየችው ቤት፣ ሳጥኑ ተከፈተ። ማሽኑ አብረቀረቀ፣ በራ፣ ኪቦርዱ ተነካ፣ ካሜራው ታየ፣ ድምፁ ተሰማ። ሁሉም ደህና። ከዚያ ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ጥቁር ሲሆን ከመሃሉ ትንሽ ወደ ቀኝ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ቦግ ብላ ቀረች። አቧራ መስሏት ጠረገቻት። አልለቀቀችም። አጥፍታ አበራችው፤ ነጥቧም አብራ መጣች።

ይህች ነጥብ ምንድን ናት? የዘመኑ የተለመደ የላፕቶፕ ስክሪን 1,920 ነጥቦች ወደ ጎን፣ 1,080 ነጥቦች ወደ ታች ተደርድረውበታል፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። እያንዳንዷ ነጥብ ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ታናናሾች አሏት፤ ሁሉም ከስድስት ሚሊዮን ይበልጣሉ። ለእያንዳንዷ ታናሽ ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋ ረቂቅ ትራንዚስተር ተሠርቶላታል። ከነዚያ አንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ ከተበላሸ ወይ ሁልጊዜ ተዘግቶ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ሁልጊዜ ተከፍቶ ይበራል። የልጅቱ ተከፍቶ የቀረ ነው። መጥፎ ዕድል ሆኖ ደግሞ የሰው ዓይን ከቀለም ሁሉ አጥርቶ የሚያየው አረንጓዴን ነው። ለዚህ ነው ከስድስት ሚሊዮን አንዷ የአንድ ሰው ማታ ያበላሸችው። ጥቁር መደብ ላይ ኮድ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ያች ነጥብ በየመስመሩ ያልተጻፈ ምልክት ትመስላለች።

እሑድን ዝም ብላ ዋለች። ለአባቷ እንዴት ትናገር? በሬው ተሸጧል። ሰኞ ማታ ግን አላስቻላትም፤ ደወለች። አባት ስልኩን ይዘው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤

«ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም አባየ።»

«ነገ ንገሪው። ብቻሽን አትሂጂ፤ ሰው ባለበት ንገሪው። ነውር ያገኘ ሰው ዝም ካለ እንደወደደው ይቆጠራል።»

ይህ የከብት ገበያ ብልሃት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ይላል። ገዢ ዕቃውን በተመቸው በመጀመሪያው ጊዜ ይመርምር፤ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ያስታውቅ፤ ሲያስታውቅም ጉድለቱ ምን እንደሆነ ለይቶ ይናገር። ጉዛምን ማሳ ላይ የኖሩት አባትና ፓሪስ የተማረው ሊቅ ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ደርሰዋል። ይህ ይገርመኛል፤ ደስም ያሰኘኛል።

ማክሰኞ ሐምሌ 9 ልጅቱ ሁለት ጓደኞቿን አስከትላ ሱቁ ሄደች። ባለሱቁ አየው። ቀረብ ብሎ አየው፣ ራቅ ብሎ አየው።

«እህቴ፣ ይህችማ ምንም አይደለች። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይህን እንደ ብልሽት አይቆጥሩትም።»

ዋሸ? አልዋሸም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ለስክሪን ነጥቦች ደረጃ አውጥቶ ነበር። በዚያ ደረጃ ብዙ አምራቾች በመረጡት በሁለተኛው ምድብ በአንድ ሚሊዮን ነጥብ ውስጥ ሁለት ሁልጊዜ የሚበሩ፣ ሁለት ሁልጊዜ የጨለሙና አምስት የተበላሹ ታናናሾች ቢገኙ ስክሪኑ እንደ ደህና ይታለፋል። ደረጃው በ2008 በሌላ ቢተካም አስተሳሰቡ አልተለወጠም፤ ትንሽ ነጥብ ይፈቀዳል። በዚያ ሒሳብ የልጅቱ ስክሪን አንድ ሳይሆን አሥር ታናናሾች ቢበላሹበትም ፋብሪካው «ደህና ነው» ሊል ይችላል።

የኔ ፍርድ ግን ሌላ ነው። ያ ደረጃ አምራቾች እስከምን ድረስ እንደሚታገሱ የሚናገሩበት ነው። ገዢዋ ከገንዘቧ ጋር ስትቆም አልተነበበላትም፤ ካርቶኑ ላይም «እስከ አሥር የሚደርስ ነጥብ ሊኖርበት ይችላል» ተብሎ አልተጻፈላትም። ያልታየና ያልተነገረ ጉድለት በስውር የሚተላለፍ ዕዳ ነው።

ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ደግሜ እላለሁ። «ጥገና ቤት ውሰጂው፤ ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ፤ ነካክቶ ያጠፋልሽ ይሆናል» አላት። ሄደች። ጥገና ቤቱ ያለው ወጣት ማሽኑን ተቀበለና ሳይከፍተው አምስት ቀለም በየተራ ስክሪኑን ሞልቶ አሳየ፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። በጥቁሩና በቀዩ ላይ ነጥቧ ወጣች፤ በነጩና በአረንጓዴው ላይ ተደበቀች።

«ይኸውልሽ እህቴ» አለ። «ቀለም እያፈራረቀ የሚያርገበግብ ፕሮግራም አለ፤ ማታ ከፍተሽው እደሪ፣ አንዳንዴ ትነቃለች። በጣት መጫን የሚሉሽን ግን አትስሚ፤ አንዷ ነጥብ አምስት ትሆናለች። እኔም ጀርባውን አልፈታም። ይህችን ማሸጊያ ከቀደድኳት ባለሱቁ ነገ ‹እናንተ ነካክታችሁት ነው› ይላል፤ እውነቱንም ነው።»

ያ ወጣት ሁለትና ሦስት መቶ ብር ሊያገኝባት ሲችል ያልነካውን ማሽን መልሶ ሰጣት። እንዲህ ያለ ባለሙያ ያለበት ከተማ ይባረክ።

ፕሮግራሙ ሌሊቱን ሠራ። ነጥቧ አልነቃችም።

ሐሙስ ሐምሌ 11 አባት መጡ። ጋቢያቸው ከዝናቡ ከብዷል፣ ደረሰኙ ግን በጨርቁ ውስጥ ደረቅ ነው። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎች አሉ። አባት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙና እንደ ድሮው ሙግት ጀመሩ።

«ተጠየቅ ልጄ!»

ባለሱቁ ፈገግ አለ፤ የጎጃም ልጅ ነውና ወጉን ያውቀዋል። «ልጠየቅ አባባ።»

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መንቆረር የነበረችውን ከተማ ደብረ ማርቆስ ባሰኟት ዘመን ሰው ጉዳዩን በአደባባይ የሚያሰማው እንዲህ ነበር፤ በቃል፣ ቆሞ፣ ሰሚ ባለበት። የቃል ሙግት የሚያምረው ተከራካሪው ጠላቱን ሳይሰድብ ልቡን ሲያገኘው ነው።

«ይህን ዕቃ ከአንተ ገዝቻለሁን?»

«ገዝተዋል።»

«ክፈትልኝ ስልህ ከፍተህልኛልን?»

ባለሱቁ ትንሽ ዝም አለ። «አልከፈትኩም።»

«ነጥቧ ከእኔ ቤት ገባች ወይስ ከካርቶኑ ጋር መጣች?»

«ከካርቶኑ ጋር መጣች አባባ። ግን እኔም እኮ ታሽጎ ነው የገዛሁት። አስመጪው ከለወጠልኝ እለውጥልዎታለሁ፤ ካልለወጠልኝ ከየት አመጣለሁ? ደግሞም ግድግዳው ላይ ተጽፏል።»

እዚህ ላይ ልጅቱ ወረቀት አወጣች። የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነች ጓደኛዋ ያሳተመችላት ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813/2006። ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ኋላ ጠነከረ። የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን ሊጠይቅ ይችላል። ሻጩን! አስመጪውን አላለም፣ ፋብሪካውን አላለም። ገዢው ውል ያለው ፊቱ ከቆመው ሰው ጋር ነው፤ ያ ሰው ከመርካቶ ጋር ያለውን ጉዳይ ራሱ ይጨርሰዋል። ይኸው አዋጅ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት ይስተናገድ፣ ዕቃ አማርጦ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ግዛ ተብሎ አይገደድ ይላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ደግሞ አዋጅ አትሽርም።

ሱቁ ጸጥ አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ቢያንስ ሁለት ዓመት ይጠየቃል፤ የእኛ 15 ቀን አጭር ናት። አጭርም ብትሆን ግን የተጻፈች መብት ናት፤ ብዙ ሰው ሳያውቃት ታልፋለች።

ባለሱቁ አዋጁን አነበበ፣ ደረሰኙን አየ። ያ ደረሰኝ ባይኖር እዚህ ላይ ታሪኩ ባለቀ ነበር። ዘጠኝ ሺህ ብሩ የተከፈለው ለዚህች ሰዓት ነው።

«እሽ አባባ፤ እለውጣለሁ። ግን አሁን በእጄ እንዲህ ያለ ሌላ የለም። አዲስ አበባ መላክ አለብኝ፤ መንገዱን ደግሞ ያውቁታል።»

ማን የማያውቅ አለ? ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት አለ። በደኅናው ጊዜ በአንድ ቀን ደርሶ የሚያድር መንገድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ጠፍቶ ከርሟል። ለ15 ቀኗ ሕግ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። መናኸሪያው ባዶ ሲሆን ሕጉ ቀን መቁጠሩን አያቆምም።

አባትዮው ይህን ሲሰሙ ወንበር ጠየቁና ተቀመጡ። «እንኪያስ ጻፍልኝ። ዛሬ ነውሩን አሳይቼሃለሁ፤ ለውጥልኝ ብዬሃለሁ፤ አንተም እሽ ብለሃል። ቀኑን ጻፍ፣ እነዚህ ሰዎች ይፈርሙ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቢዘጋም የተዘጋው በአንተና በመርካቶ መካከል ነው፤ በእኔና በአንተ መካከል መንገድ አልተዘጋም።»

ያች ዐረፍተ ነገር ከጠበቃ አፍ ብትወጣ ባልገረመኝ። አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ ጠይቅ አለ እንጂ በ15 ቀን ውስጥ ተቀበል አላለም። ጥያቄው በቀኑ ቀርቦ፣ በጽሑፍ ከታሰረ፣ የሚዘገየው ዕቃ የገዢውን መብት ይዞት አይሄድም። ባለሱቁ ጻፈ፤ «ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ በመገኘቱ በሌላ እንዲለወጥ ገዢ ጠይቀው ተስማምቻለሁ።» ሁለት ገዢዎች ፈረሙ። አባት አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ልጅቱም ማሽኑን እስከሚለወጥ ይዛ እንድትሠራበት ተፈቀደላት።

አሁን ከሁሉ የከበደው መጣ።

ከግዢው 15 ቀን ሲቆጠር እሑድ ሐምሌ 21 ይሞላል። በማግስቱ፣ ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን አስታወቀ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ70 ብር አለፈ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በየገበያው ዋጋ ተንቀሳቀሰ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የያዘ ነጋዴ ዛሬ የሸጠውን ነገ በስንት እንደሚተካው ማወቅ አቃተው።

ባለሱቁ ልጅቱን አስጠራት።

«እህቴ፣ ገንዘባችሁን ልመልስ። ስልሳ ዘጠኝ ሺህ ብራችሁን ሙሉውን ውሰዱ።»

ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሆን ይህ ቃል ምሥራች ነበር። አሁን ግን በዚያ ገንዘብ ያንኑ ማሽን መግዛት አይቻልም። ተመላሹን የሚቀበል ሰው በሬውንም፣ ጤፉንም፣ ላፕቶፑንም ያጣል። በባለሱቁ በኩል ቆማችሁ እዩት ደግሞ፤ መርካቶ ያለው አስመጪ «አንድ ነጥብ ነው፣ አይለወጥም» ብሎ መልሶለታል። ሌላ ቢሰጥ ከኪሱ ነው። ልጆች አሉት። እኔ ሁለቱንም አስቤ የማዝነው ለዚህ ነው፤ ጉድለቷን የሠራት ሩቅ ያለ ፋብሪካ ነው፣ የሚከራከሩባት ግን አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ድካመኞች ናቸው።

ግን ወረቀቷ አለች። አዋጁ ለውጥ ወይም ተመላሽ ሲል የመጠየቁን መብት ለገዢ ነው የሰጠው፤ ገዢውም ሐምሌ 11 ቀን «ለውጥልኝ» ብሎ መርጧል። ዋጋው በወጣ ማግስት ምርጫው ወደ ሻጭ አይዞርም። ልጅቱ ይህን በትሕትና ነገረችው። አልተጣሉም። ነገሩ ካልተስማሙ ወደ ከተማው ንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት የሚያመራ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም እዚያ መድረሱን አልወደዱትም።

ሳምንት አለፈ፤ ፍልሰታ ገባ። አባት ከቅዳሴ መልስ ሱቁ መጡ። ባለሱቁ ሻይ ሊያዝ ሲል «ጾም ነው ልጄ፤ ለሌላ ቀን ያድርሰን» ብለው ተቀመጡ። ጎረቤት ነጋዴ የሆነ ሽማግሌም መጥቶ መካከላቸው ገባ።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ ባለሱቁ። «አንድ ማሽን አለኝ። ያው ነው፤ ሆዱም ስክሪኑም ከዚያኛው አንድ ነው። ከዱባይ የመጣ ስለሆነ ግን ኪቦርዱ ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን የዓረብኛ ፊደል ተጽፎበታል። ለዚህ ነው ሳይሸጥ የቆየኝ። አሁን ባለው ገበያ ግን ከከፈላችሁት በላይ ያወጣል።»

«አሳየን» አሉ አባት።

በዚህ ጊዜ ካርቶኑ ያለ ክርክር ተከፈተ። ልጅቱ ከካርቶኑ ጎን የተጻፈውን መለያ ቁጥር ከማሽኑ ሆድ ጋር አመሳከረች፤ አንድ ነው። ቻርጀሩን ሰካች፤ ባትሪው መሙላት ጀመረ። ማጠፊያውን ከፍታ ዘጋች፤ አይንገጫገጭም። በጎን በጎን ያሉትን መሰኪያዎች በፍላሽ ሞከረች። በመጨረሻ ያ የጥገና ቤት ወጣት ያሳያትን አምስት ቀለም ከፈተች። ጥቁር፤ ንጹሕ። ነጭ፤ ንጹሕ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ምንም የለም። አባት ከኋላዋ ጎንበስ ብለው ቀለሙን ሁሉ አብረዋት አዩ።

ከዚያ ጣታቸውን ዓረብኛው ፊደል ላይ አሳረፉ። «ይህስ ነውር አይደለም?»

«አይደለም አባየ። እጄ ቦታውን ያውቀዋል፤ ፊደሉን አላየውም። ደግሞ አይቼው ነው የምቀበለው።»

ሕጉም ያው ነው፤ ገዢ ሲገዛ ያወቀውን ጉድለት ኋላ ሻጩን አይከስበትም። አባት ይህን ሲሰሙ ወደ ባለሱቁ ዞሩ።

«ስማኝ ልጄ። ዋጋው ጨምሯል ትላለህ፣ እውነት ነው። ፊደሉ ዓረብኛ ነው እላለሁ፣ እውነት ነው። ያንን በዚህ እንጣለው፤ አንተም አትጨምርብኝ፣ እኔም ቀንስልኝ አልልህም።»

ሽማግሌው ጎረቤት ሳቀ፤ «ተፈጸመ!» አለ። ባለሱቁ እጁን ዘረጋ።

ነጥብ ያለባትን ማሽን ባለሱቁ አልደበቃትም። ስክሪኑን ጥቁር አድርጎ፣ ነጥቧን በጣቱ እያሳየ፣ ዋጋዋን ቀንሶ ለአንድ የጽሕፈት ሥራ ለሚሠራ ሰው ሸጣት። ያም ሰው ቀኑን ሙሉ በነጭ ገጽ ላይ የሚጽፍ ስለሆነ ነጥቧን እምብዛም አያያትም።

በዚያች የፍልሰታ ቀን ግን ገና ከሱቁ አልወጡም። ባለሱቁ የአሮጌውን ደረሰኝ ጀርባ ገልብጦ የአዲሱን ማሽን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና «የኪቦርዱን ፊደል ገዢ አይተው ተቀብለዋል» የሚለውን ጽፎ ፈረመበት። ልጅቱ ጮክ ብላ አነበበችው፤ አባት ራሳቸውን ነቅንቀው ጨርቃቸውን ዘረጉ። በሩ አጠገብ ከሉማሜ የመጣ አንድ መምህር የታሸገ ካርቶን ታቅፎ፣ ብሩን ከፍሎ፣ ደረሰኝ ሳይቀበል ሊወጣ ነበር። ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ተመለሰና ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ወንድሜ፣ የእኔንም ክፈትልኝ። ደረሰኝም ቁረጥልኝ፤ የሚጨመረውን እጨምራለሁ» አለ።

ባለሱቁ መቀሱን አነሣ።